ሳምቡሳም ይከሰሳል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ አሜሪካ «ግራንድ ጁሪ»፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ስለሚሉት ተራ ሰዎች ጉባኤ፣ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ፖሊስ ሰው ተኩሶ ሲገድል ብዙ ጊዜ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው ብዬ። ሁለት መስመር ብቻ! የጥያቄ ሣጥኑ ግን ጢም ብሎ ሞላ። ደሴ ጉም ወርዶባት፣ ጦሳም ከዓይን ጠፍቶ፣ ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲጎረጉር የከረመ መሰለኝ። ከኮምቦልቻም መጥቷል። ሰባቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ከጓደኛዬ ጋር 200 ብር ተወራርደናል። ፈርጉሰን በሚባል ከተማ ማይክል ብራውን የሚባለውን ልጅ የገደለውን ፖሊስ ፍርድ ቤት ነፃ አውጥቶታል አልኩ እኔ። እሱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ሰው ቢገድል አይከሰስም፣ ሕጋቸው ነው ይላል። ማን ይብላ?

ሁለታችሁም ተበልታችኋል። ብሩን ማኪያቶ ጠጡበት።

ፈርጉሰን ሚዙሪ ግዛት ውስጥ፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኦገስት 9 ቀን 2014፣ በኛ ነሐሴ 3 ቀን 2006፣ እኩለ ቀን ላይ ዳረን ዊልሰን የሚባል ነጭ ፖሊስ የ18 ዓመቱን ጥቁር ልጅ ማይክል ብራውንን ተኩሶ ገደለው። ልጁ መሣሪያ አልያዘም። ፖሊሱ 12 ጥይት ተኩሷል። መጀመሪያ መኪናው መስኮት ላይ ግብግብ ነበር፣ ከዚያ ልጁ ሮጠ፣ ከዚያ ዞረ። ሲዞር እጁን አንሥቶ እየለመነ ነበር ወይስ ወደ ፖሊሱ እየመጣበት? አገር ያተራመሰው ይኼ ጥያቄ ነው። ሬሳው አራት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ቆየ፣ የሰፈሩ ሰው ከቦ እያየ። እኛ አገር ሬሳ ደጅ ሲውል ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እዚያም ሰው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለፍርድ አልቀረበም። አንተ የተበላኸው እዚህ ላይ ነው። የሄደው ወደ ግራንድ ጁሪ ነው፣ ግራንድ ጁሪ ደግሞ ጥፋተኛ ነህ ወይም ነፃ ነህ አይልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፦ ይህን ሰው ከሶ ፍርድ ቤት ለማቆም የሚበቃ ምክንያት አለ ወይ? በቃ። የለም ካለ በሩ ለጊዜው እዚያው ይዘጋል፣ ማንም ነፃ አልወጣም፣ ማንም አልተፈረደበትም። ኖቬምበር 24 ማታ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ሮበርት መኩሎክ ብቅ ብሎ ክስ እንደማይኖር ተናገረ። በዚያው ሌሊት ፈርጉሰን ውስጥ ሱቆች ነደዱ።

ጓደኛህ ደግሞ ፖሊስ አይከሰስም ማለቱ ስህተት ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድን አንገቱ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ የገደለው ዴሪክ ቾቪን ተከሷል፣ በ2021ም በግድያ ጥፋተኛ ተብሏል። ግን ጓደኛህ ሽታው ደርሶታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ባስቀመጠው ሚዛን ፖሊስ ኃይል ሲጠቀም የሚመዘነው በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቦታ የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ነው። ይህ ሚዛን ለፖሊስ ይመቻል። ስለዚህ መክሰስ ይቻላል፣ ግን ያንገዳግዳል።

መምህርት ነኝ፣ ከሆጤ። ግራንድ ጁሪ የሚባሉት እነማን ናቸው? ዳኛ ናቸው? ለምንስ በር ዘግተው ነው የሚሰሙት?

ዳኛ አይደሉም። ተራ ሰዎች ናቸው። ነጋዴ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ሊሆኑ ይችላሉ። የሴንት ሉዊሶቹ 12 ነበሩ፣ ዘጠኙ ነጭ ሦስቱ ጥቁር። ለማስከሰስ ከ12ቱ የዘጠኙ ድምፅ ይበቃል። በፌዴራል ደረጃ ሲሆን ከ16 እስከ 23 ሰው ይቀመጣል፣ 12 ድምፅ ከተገኘ ክስ ይመሠረታል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ እነዚያ 12 ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። ልጁ ከመሞቱ በፊት፣ ከሜይ ጀምረው የሌብነቱንም የድብድቡንም ጉዳይ ሲሰሙ የቆዩ ናቸው። ይህ ዱብ አለባቸው።

ክፍሉ ውስጥ ማን አለ? ጁሪዎቹ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ምስክሩ፣ የሚባለውን የሚጽፍ ሰው። ዳኛ የለም። የተጠርጣሪው ጠበቃ የለም። የሟች ቤተሰብም የለም። ምስጢር የሆነበት ምክንያት ሲነገር ደግሞ መጥፎ አይደለም፦ ምስክር እንዳይፈራ፣ ተጠርጣሪው ሰምቶ እንዳይጠፋ፣ ካልተከሰሰም ስሙ በከንቱ እንዳይጠፋ። እኔ በዚህ አልከራከርም። ግን አስቡት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚጠራ፣ ምን ሕግ እንደሚነበብ የሚመርጠው አንድ ወገን ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕጉ።

ለዚህ ነው በ1985 ሶል ዋክትለር የሚባሉ የኒውዮርክ ግዛት ከፍተኛ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ ግራንድ ጁሪን የካም ሳንድዊች ያስከስሰዋል ያሉት። ካም የአሳማ ሥጋ ነው፣ ደሴ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለማይበላው እኛ ሳምቡሳ እንበለው። ቀልድ ብቻ አይደለም። በ2010 የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ከያዙት ወደ 162,000 ከሚጠጋ ጉዳይ ግራንድ ጁሪ ክስ አይመሥረት ያለው በ11ዱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ! እነዚያ የፖሊስ ጉዳዮች አይደሉም፣ የሁሉም ዓይነት ወንጀል ናቸው፣ ግን ሰው ቁጥሩን ከፈርጉሰን ጎን አስቀምጦ «ሳምቡሳ ተከሶ ፖሊስ የማይከሰሰው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል?

እኔ ግን የሚገባኝ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ 60 ምስክር አቅርቧል፣ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ዘርግፏል። ታዲያ ደብቆ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሉ ነበር? ሰው የተቆጣው ውጤቱን ስላልወደደ ነው። ከሸዋ በር፣ የቡና ቤት ተሟጋች።

ወዳጄ ግማሹን አግኝተኸዋል። እሱን ልስጥህ መጀመሪያ።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ለብቻው መርምሮ በማርች 2015 በፌዴራል ሕግ ፖሊሱን የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም ብሏል። እጁን አንሥቶ ነበር ያሉት ምስክሮችም ቃላቸው ከአስከሬኑና ከደሙ ምልክት ጋር አልገጠመም ብሏል። መኩሎክን በ2018 ምርጫ የጣለው ጥቁሩ ዐቃቤ ሕግ ዌስሊ ቤልም መዝገቡን እንደገና ከፍቶ አይቶ፣ በ2020 መክሰስ አልችልም ብሎ ዘግቶታል። ስለዚህ ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ፈርጉሰን የሚያወሩ ሰዎች ግማሽ ወሬ ነው የሚነግሩህ።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። የተለመደው አሠራር ምን ይመስላል? አንድ መርማሪ ገብቶ የተደረገውን ጠቅለል አድርጎ ይነግራቸዋል፣ ዐቃቤ ሕጉ በዚህ በዚህ አንቀጽ ይከሰስ ይላል፣ እጅ ይወጣል፣ ቀጣይ። ቴሌቪዥን ሰርቆ የተያዘ ልጅ ሦስት ወር አይሰማለትም። እዚህ ግን 25 ቀን ተቀመጡ፣ ከ70 ሰዓት በላይ አዳመጡ፣ ፖሊሱ ራሱ ገብቶ አራት ሰዓት ያህል ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉም በየትኛው አንቀጽ ይከሰስ እንደሆነ ሐሳብ አላቀረበም። ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ «እናንተው እዩት» ማለት ነው። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን የመከላከያ ማስረጃ ሁሉ ገብቶ፣ ከዚያኛው ወገን ምስክርን አፋጥጦ የሚጠይቅ ጠበቃ ከሌለ ግማሽ ችሎት ነው የሆነው። ችሎት ከሆነ ሙሉ ይሁን፣ በሩም ይከፈት! ካልሆነ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በአንድ ቀን ይለቅ። ሰው ያለው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም የከነከነኝ እሱ ነውና። ለጁሪዎቹ መጀመሪያ ላይ የተሰጣቸው የሚዙሪ ሕግ ፖሊስ የሚሸሽን ሰው መተኮስ የሚችልበትን በር ሰፋ አድርጎ የሚከፍት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1985 የሸሸን ሁሉ መተኮስ አይቻልም፣ ሰውየው ለሌላ ሰው ሕይወት አደገኛ ነው ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። ስህተቱ የተነገራቸው ከሳምንታት በኋላ፣ ውሳኔው ሊሰጥ ሲል ነው። የፖሊሱን ቃል የሰሙት በአሮጌው ሕግ ጆሮ ነበር ማለት ነው። ጠበቃ ወይም ዳኛ ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ያኔውኑ ብድግ ብሎ «ኧረ ይህ ሕግ ተሽሯል» አይልም ነበር?

ከዚያ ደግሞ ሰውየው ራሱ አለ። የመኩሎክ አባት ፖሊስ ነበሩ፣ በ1964 በሥራ ላይ ሳሉ ተገድለዋል። ሐዘን ነው፣ ማንም በአባቱ ሞት አይነቀፍም። ግን ከዚህ ጉዳይ ተነሣ፣ ለሌላ ዐቃቤ ሕግ ስጥ ሲባል እምቢ አለ። አባቱ ባይኖሩም እንኳ ችግሩ አለ። ዐቃቤ ሕግ በየቀኑ የሚሠራው ከማን ጋር ነው? ምስክር የሚያመጣለት፣ ማስረጃ የሚሰበስብለት ፖሊስ ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሹፌርና ተሳፋሪ ቢጣሉ፣ ገላጋዩም የሹፌሩ ረዳት ቢሆን ምን ይባላል? ረዳቱ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እውነቱንም ሊፈርድ ይችላል። ተሳፋሪው ግን ረዳቱ ነገ ጠዋት ከማን ጋር እንደሚወጣ ያውቃል።

ፈርጉሰን ላይ ደግሞ ሰዉ ሹፌሩንም ረዳቱንም ከድሮም አያምናቸውም ነበር። በዚያው ማርች የወጣው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሁለተኛ ሪፖርት የከተማዋ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሕዝቡን በቅጣት ገንዘብ የሚያልቡት የገቢ ምንጭ አድርገውት እንደነበር አሳይቷል። ነዋሪው 67 በመቶ ጥቁር ነው፣ ከታሰሩት 93 በመቶዎቹ ጥቁር ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ላይ በር ዘግተህ ወስነህ ስትወጣ፣ ትክክል ብትወስን እንኳ ማን ያምንሃል?

ብዙው ቁጣ በ12ቱ ሰዎች ላይ ሲወርድ ማየቴ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖብኛል። እነሱ የተሰጣቸውን ነው ያዩት። ከመካከላቸው አንደኛው ሰው በጃንዋሪ 2015 ክፍሉ ውስጥ ስለሆነው ለመናገር ይፈቀድልኝ ብለው ስማቸውን ደብቀው ከሰሱ። ሕጉ ዝም በሉ ይላቸዋል። ዐቃቤ ሕጉ ግን በቴሌቪዥን ወጥቶ የነሱን ውሳኔ ለዓለም አስረዳ። እነሱ መናገር አይችሉም፣ እሱ ስለነሱ ይናገራል። ይህ ነው የማይዋጥልኝ።

ቪዲዮ ካለ ግን ያልቅለታል አይደል? ከፒያሳ።

አያልቅለትም። ኒውዮርክ ላይ ኤሪክ ጋርነር በፖሊስ አንገቱን ታንቆ መተንፈስ አቃተኝ እያለ ሲሞት ተቀርጿል። ፈርጉሰን ላይ ክስ የለም ከተባለ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2014፣ እዚያም ግራንድ ጁሪ ክስ የለም አለ። ክሊቭላንድ ላይ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሲመታም ካሜራ ነበር። በ2015 መጨረሻ እዚያም ክስ የለም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ታዲያ ለፖሊስ ጉዳይ ግራንድ ጁሪን ጨርሶ ማስቀረት አይሻልም ነበር? የሞከረ አለ?

አለ። ካሊፎርኒያ በ2015 ፖሊስ ሰው በገደለበት ጉዳይ ግራንድ ጁሪ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፣ የግራንድ ጁሪ ሥልጣን ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የመጣ ስለሆነ በተራ ሕግ አይነካም ብሎ። ይህን ለክፍል ውይይት ያዢው።

ሚኒያፖሊስ ያለችበት የሄነፒን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ፍሪማን ደግሞ በማርች 2016 ሕግም ሳይወጣ በራሱ ፈቃድ ከእንግዲህ የፖሊስ ተኩስን ወደ ግራንድ ጁሪ አልወስድም፣ ራሴ እወስናለሁ አለ። ያን ወር ባየው የመጀመሪያ ጉዳይ ላይ አልከስም ብሎ ወሰነ! ሰው ተቃወመ፣ ተሰለፈ። ስለዚህ ግራንድ ጁሪን ስላስቀረሽ ፖሊስ ይከሰሳል ማለት አይደለም። ለውጡ ሌላ ነው። የሚጠየቀው ሰው ታወቀ። «እኔ አይደለሁም፣ 12ቱ ናቸው» የሚባል መሸሸጊያ ቀረ፣ በምርጫ ቀን ማንን መቅጣት ወይም ማንን መሸለም እንዳለበት ሕዝቡ ያውቃል።

መሸሸጊያ ስል ያለ ነገር አይደለም። በማርች 2020 ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ፖሊስ በሌሊት የብሪያና ቴይለርን ቤት ሰብሮ ገብቶ ገደላት። በሴፕቴምበር ግራንድ ጁሪው አንድ ፖሊስ ብቻ ከሰሰ፣ እሱም በሷ ሞት አይደለም፣ ጥይቱ ጎረቤት ቤት ስለገባ ነው። የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ዳንኤል ካሜሮን ውሳኔውን የጁሪው አድርጎ አቀረበው። በኋላ የጁሪው አባላት በፍርድ ቤት ፈቃድ ወጥተው፣ የግድያ ክስ እኮ ጭራሽ አልቀረበልንም አሉ። ያልቀረበ ምግብ አልበላህም ተብሎ ይወቀሳል?

ልጄ፣ ይህ ያወራኸው ነገር የኛው አውጫጭኝ አይደለም እንዴ? በኛ ጊዜ ከብት ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር የሚያወጣው። ከሰኞ ገበያ።

አባባ እጅዎን ልሳም! ይህን ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረብኝ።

ግራንድ ጁሪ የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በ1166 ከየአካባቢው 12 ሰዎች ምለው በሰፈራችሁ በመግደልና በዝርፊያ የሚጠረጠር ማን ነው የሚለውን እንዲናገሩ አዘዘ። ፖሊስ የለም፣ ዐቃቤ ሕግ የለም፣ የሚያውቀው አገሬው ነው። አውጫጭኝም እንደዚያው። አያቴ ሲያወሩ፣ አንድ በቅሎ ጠፍታ ሰዉ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ እርሻው ቆሞ፣ የቀረ ይቀጣል ተብሎ፣ ሌባው ካልወጣ ሁሉም አዋጥቶ ይክፈል ሲባል፣ በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ አክስት ልጃቸውን ራሳቸው ጠቆሙ ይሉ ነበር። ሲያወሩት ይስቃሉ፣ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ያን አገር አልረገጠም።

ልዩነቱ ይታይዎታል? በአውጫጭኝም በ1166ም የሚናገሩት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የዛሬው ግራንድ ጁሪ ከራሱ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ቅርፊቱ እንዳለ ሆኖ ፍሬው ተለወጠ። እንግሊዞቹ ራሳቸው በ1933 ከሞላ ጎደል ትተውታል። አሜሪካኖቹ በ1791 በሕገ መንግሥታቸው አምስተኛ ማሻሻያ ስላስገቡት የፌዴራል ከባድ ወንጀል ያለ እሱ አይሄድም፣ ግዛቶቹ ግን አይገደዱም። ሚዙሪም ላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢፈልግ ያለ ግራንድ ጁሪ በቀጥታ መክሰስ ይችል ነበር። አልፈለገም።

ጋሼ፣ የአሜሪካውን ይተዉትና የኛን ይንገሩኝ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና አጠገብ ነው የምኖረው። ባለቤቴ በአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጥይት እግሩን ተመታ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አልበቃም ብሎ መዝገቡን ዘጋው ተባልን። በቃ አለቀ ማለት ነው?

እህቴ ለባለቤትሽ እግዚአብሔር ይማረው። አላለቀም።

እኛ አገር ጁሪ የለም፣ ትልቁም ትንሹም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ለግራንድ ጁሪ ትንሽ የሚቀርበው በ1954ቱ (በኛ አቆጣጠር) የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ያለው «ቀዳሚ ምርመራ» ነው፤ በከባድ ግድያና በከባድ ውንብድና ዋናው ክርክር ሳይጀመር ምስክር ተሰምቶ የሚመዘገብበት። ያም ቢሆን ዳኛ ፊት ነው፣ ተጠርጣሪውም ቆሞ እየሰማ።

ላንቺ የሚያስፈልግሽ ግን በዚያው ሕግ አንቀጽ 43 እና 44 ናቸው። ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት፣ ግልባጩም ለተበዳይ ይደርሳል። አንቺ «ተባልን» ነው ያልሽው። ማን አለ? በስልክ? በር ላይ? እሱ አይቆጠርም። ማስረጃ አልበቃም ተብሎ ከተዘጋ፣ ነገሩም በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ዓይነት ካልሆነ፣ ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ እንዲከስ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከዚያ በፊት ወይም ጎን ለጎን የበላይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቅሬታ የሚያቀርቡም አሉ፣ ግን 15 ቀኗ እዚያ ደጅ ስትጠኚ እንዳታልቅብሽ። ጠበቃ ብታማክሪ ጥሩ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢም ነፃ የሕግ ድጋፍ ካለ ጠይቂ። የሐኪም ማስረጃውን ኮፒ አድርጊና ቤት አስቀምጪ፣ ዋናውን ለማንም አትስጪ።

ነገ ጠዋት ባለቤትሽ ሄዶ፣ ክራንቹን ይዞም ቢሆን፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሲሰጡት ቀኑ የተጻፈበት መሆኑን እዚያው ቆሞ ይመልከት።